ሳራስዋቲ፤ ስለ ሕንዶች የትምህርት አምላክ ምስልና በዓል የቀረበ ሂስ

በሕንድ አገር ስለ ሳራስዋቲ ለተማሪዎችና ለመንገደኞች የሚታተሙት ትናንሽ መጻሕፍት፣ ደራሲዎቻቸው ቢለያዩም የሚናገሩት ነገር አንድ ነው። ይህች የትምህርት፣ የቃልና የዜማ አምላክ ነጭ ልብስ የለበሰችው ንጽሕናን ለማመልከት ነው ይላሉ፤ በሎተስ አበባ ላይ መቀመጧ ከጭቃ በቅሎ ጭቃ የማይነካውን አእምሮ ያሳያል፤ አራቱ እጆቿ አሳብን፣ ማስተዋልን፣ ልቡናንና እኔ ባይነትን ይወክላሉ፤ መጽሐፉ ዕውቀት፣ መቍጠሪያው ጸሎት፣ ባለ አውታሩ መሣሪያ ኪነ ጥበብ ነው ይላሉ። አንባቢው ይህን ዝርዝር ከጨረሰ በኋላ ምስሏን ዳግመኛ ለመመልከት ምክንያት አይቀረውም፤ ሁሉም ተፈትቶ ተሰጥቶታልና።

እንዲህ ያለው አተረጓጐም ሐሰት ነው ማለት አይቻልም፤ አብዛኛው በሕንድ ሊቃውንት ዘንድ ከብዙ ዘመን ጀምሮ ሲነገር የኖረ ነው። ጕድለቱ ሌላ ነው። ምስልን እንደ መዝገበ ቃላት አንድ በአንድ የሚፈታ ሰው፣ ምስሉ ከየት እንደ መጣ፣ ማን እንደ ሠራው፣ ማን እንደ ሰገደለትና ማን እንዳይቀርበው እንደ ተከለከለ ለመጠየቅ አያስብም። በሳራስዋቲ ረገድ ግን ዋናው ቁም ነገር ያለው በእነዚህ ጥያቄዎች ውስጥ ነው። ትምህርትን በሴት መልክ ሥሎ የሚሰግድ ሕዝብ ስለ ትምህርት ምን ያስባል? ለማንስ ይፈቅዳል? በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ይህንን ነው። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።

ሳራስዋቲ በመጀመሪያ ወንዝ ነበረች። ስሟም ይህንኑ ይመሰክራል፤ «ሳራስ» በሳንስክሪት ኩሬ ወይም የተጠራቀመ ውሃ ማለት ሲሆን፣ ሙሉ ስሟ «ባለ ብዙ ውሃ» እንደ ማለት ነው። ከሦስት ሺህ ዓመት በፊት እንደ ተደረሰ በሚገመተው በሪግ ቬዳ ውስጥ ከተራራ ወደ ባሕር የምትወርድ ኀይለኛ ወንዝ፣ ደግሞም እናትና አምላክ ሆና ትመሰገናለች። በዚያ ዘመን መጽሐፍም መሣሪያም በእጇ አልነበረም፤ እጅ እንኳ ነበራት ለማለት ያስቸግራል። ከዚያ በኋላ የተጻፉት መጻሕፍት ደግሞ ይህች ወንዝ ቪናሻና በሚባል ስፍራ አሸዋ ውስጥ ገብታ እንደምትጠፋ ይናገራሉ። ብዙ ሊቃውንት የጥንቷ ሳራስዋቲ ዛሬ በሰሜን ምዕራብ ሕንድና በፓኪስታን በክረምት ብቻ ውሃ የሚወርድበት የጋጋር ሃክራ ሸለቆ ናት ይላሉ፤ ሌሎች ይህን ይቃወማሉ፤ ክርክሩም በአሁኑ ዘመን የመሬት ጥናት ብቻ መሆኑ ቀርቶ የፖለቲካም ሆኗል። ሕዝቡ በበኩሉ ክርክሩን አልጠበቀም። ጋንጋና ያሙና የተባሉት ወንዞች በሚገናኙበት በፕራያግ፣ ሳራስዋቲ ከመሬት በታች ፈስሳ ሦስተኛ ሆና ትቀላቀላለች ብሎ ያምናል። የማትታይ ወንዝ ለዕውቀት አምላክ የምትስማማ ይመስለኛል፤ ዕውቀትም ቢሆን ከሰው ወደ ሰው ሲያልፍ መንገዱ አይታይምና።

ወንዟ እንዴት የቃል እመቤት ልትሆን ቻለች? ከቬዳዎች ቀጥሎ በተደረሱት፣ ብራህማና በሚባሉት የካህናት መጻሕፍት ውስጥ፣ ሳራስዋቲ «ቫች» ከምትባለው ከንግግር አምላክ ጋር አንድ ሆና ትገኛለች። ቬዳ ለብዙ መቶ ዓመታት ሳይጻፍ በቃል ብቻ ሲተላለፍ የኖረ መሆኑን ስናስብ፣ ነገሩ ያን ያህል እንግዳ አይሆንብንም። ለእነዚያ ሰዎች ዕውቀት ማለት በመደርደሪያ የሚቀመጥ ዕቃ አልነበረም፤ ከመምህር አፍ ወጥቶ ወደ ደቀ መዝሙር ጆሮ የሚፈስ ነገር ነበረ፤ መፍሰሱን ሲያቆም ይደርቃል። መሥዋዕቱም በወንዞች ዳር ይቀርብ ስለ ነበር የውሃው ድምፅና የዜማው ድምፅ በአንድ ጆሮ ይሰሙ ነበር። ወንዝን ቃል ብሎ ለመጥራት ከዚህ የበለጠ ምክንያት አያስፈልግም።

መጽሐፉ የመጣው ከሌላ ወገን ነው። እስካሁን ከታወቁት የሳራስዋቲ ምስሎች ሁሉ ጥንታዊ የሚባለው በማቱራ ከተማ፣ ካንካሊ ቲላ ከተባለው ኮረብታ ተቈፍሮ የወጣው ሐውልት ነው። በላዩ ላይ በተቀረጸው ጽሑፍ በኩሻን ነገሥታት ዘመን አቈጣጠር 54ኛ ዓመት የሚል ስላለበት በ2ኛው መቶ ዓመት እንደ ተሠራ ይታመናል፤ የሚገኘውም በላክናው ሙዚየም ነው። ራሷ ተሰብሮ ጠፍቷል፤ እጆቿ አራት ሳይሆኑ ሁለት ናቸው፤ ቁጢጥ ብላ ተቀምጣ በግራ እጇ መጽሐፍ ይዛለች። ባለ አውታሩ መሣሪያ የለም። ይልቁንም የሚያስደንቀው፣ ሐውልቱ የተገኘበት ስፍራ የሂንዱ ቤተ መቅደስ አለመሆኑ ነው፤ የጃይና ሃይማኖት ተከታዮች የሚሰግዱበት ቦታ ነበረ። ለቤተ ጸሎቱ ያሠራትም ንጉሥ ወይም ብራህማን ሳይሆን አንድ ብረት ቀጥቃጭ እንደ ነበር ጽሑፉ ይገልጻል። ትናንሾቹ መጻሕፍት ስለ እጆቿ ትርጕም ብዙ ገጽ ሲጽፉ ይህን ሰው አንድ ጊዜ እንኳ አለማንሣታቸው ያሳዝናል። በመጀመሪያ ለዓይናችን የደረሰችው የመጽሐፍ እመቤት በቀጥቃጭ ገንዘብ የቆመች ናት።

ቪና የተባለው ባለ አውታር መሣሪያ በእጇ የገባው ከዚህ ዘግይቶ ነው። ዛሬ በየሥዕሉ የምናየው፣ «የሳራስዋቲ ቪና» እየተባለ የሚጠራው የደቡብ ሕንድ መሣሪያ፣ ጣት የሚያርፍባቸው 24 ድንበሮች ተተክለውለት የአሁኑን መልክ የያዘው በ17ኛው መቶ ዓመት በታንጃቩር ቤተ መንግሥት ነው ይባላል። እንግዲህ ከዘላለም ጀምሮ በጕልበቷ ላይ የነበረ የሚመስለን መሣሪያ ዕድሜው አራት መቶ ዓመት ያህል ነው። ይህ አምላኳን አያሳንሳትም፤ እያንዳንዱ ዘመን ያለውን ምርጥ ዕቃ በእጇ ማኖሩን ግን ያሳየናል።

ስለ መቍጠሪያው ከሚነገሩት ትርጕሞች አንዱን እጅግ እወደዋለሁ። መቍጠሪያው በሳንስክሪት «አክሻማላ» ይባላል። ሊቃውንቱ «አክሻ» የሚለውን ቃል ሲከፍሉት የፊደላቸው መጀመሪያ «አ»ና የፊደላቸው መጨረሻ «ክሻ» ሆኖ ያገኙታል፤ ስለዚህ የእያንዳንዱ ፍሬ ትርጕም አንድ ፊደል ነው፤ አምላኳም ጸሎት ስትቈጥር ፊደል መቍጠሯ ነው። ወፏም እንዲሁ ናት። «ሃምሳ» ትባላለች፤ ስሟ በእኛ ጆሮ ቍጥር ቢመስልም የዝይ ወገን ናት። ወተትና ውሃ ተቀላቅሎ ቢቀርብላት ወተቱን ብቻ ለይታ ትጠጣለች የሚል የቆየ የባለቅኔዎች ነገር አለ። በእውነተኛዪቱ ዝይ ላይ ማንም ሞክሮ አያገኘው ይሆናል፤ ነገር ግን ከሳራስዋቲ ምልክቶች ሁሉ ይህን የሚያህል አይገኝም። ሌሎቹ ዕውቀት ምን እንዳለው ይናገራሉ፤ ዝይዋ ግን ዕውቀት ምን እንደሚሠራ ታሳያለች። ሂስ የሚባለው ሥራም ከዚህ የተለየ አይደለም።

በአሁኑ ጊዜ በሕንዳውያን ቤት፣ ሱቅና ትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ የምትታየው ሳራስዋቲ የጥንቶቹ ቀራጮች ልጅ ሳትሆን የማተሚያ መኪና ልጅ ናት። በደቡብ ሕንድ በ1848 ዓ.ም. የተወለደው ሠዓሊ ራጃ ራቪ ቫርማ፣ የአውሮፓውያንን የዘይት ቀለም አሣሣል ተምሮ አማልክቱን እንደ ዘመኑ ወይዛዝርት አድርጎ ሣላቸው፤ በ1894 ዓ.ም. በቦምቤ አጠገብ የማተሚያ ቤት አቋቁሞ ሥዕሎቹን በርካሽ ዋጋ አሰራጨ። የእርሱ ሳራስዋቲ ጥለት ያለው ነጭ ሳሪ ለብሳ፣ በውሃ አጠገብ ከድንጋይ ላይ ተቀምጣ፣ ቪናዋን ትመታለች፤ ከአጠገቧ ጣዎስ ይታያል። ሥራው ታላቅ ነገር አድርጓል፤ ወደ ቤተ መቅደስ እንዳይገቡ በወገናቸው ምክንያት ተከልክለው የነበሩ ሰዎች እንኳ በጥቂት ሳንቲም አምላኳን በቤታቸው ሊያኖሩ ቻሉ። እንደ ሥዕል ሲመዘን ግን ለስላሳነቱ ይበዛል። ፊቷ ያማረ ነው፤ የምታስበው ነገር ግን አይታወቅም። የአሥራ ሁለተኛው መቶ ዓመት ቀራጮች በራጃስታን በፓሉ መንደር ከነጭ እብነ በረድ ከጠረቧቸው ሁለት ሐውልቶች ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ ወዲያው ይታያል፤ ከእነርሱ አንዱ በኒው ዴልሂ ብሔራዊ ሙዚየም ሁለተኛው በቢካኔር ይገኛል። የፓሉዋ ሳራስዋቲ ቆማ፣ ወገቧን ጥቂት አዘንብላ፣ ጌጧ እስከ ጣቷ ድረስ ተለቅሞ የተቀረጸ ሆኖ ሳለ፣ ፊቷ ላይ ያለው ጸጥታ ጌጡን ሁሉ ያስረሳል።

የታተመው ሥዕል እጅግ ስለ ተስፋፋ ሰዎች አምላኳ ከጥንት ጀምሮ ይህን ሳሪ ለብሳ የኖረች ይመስላቸዋል። ሠዓሊው ማክቡል ፊዳ ሁሴን በ1970ዎቹ ዓመታት ሳራስዋቲን ያለ ልብስ በመስመር ብቻ ሥሎ ነበር፤ ሥዕሉ በ1996 ዓ.ም. በአንድ መጽሔት ላይ በወጣ ጊዜ ታላቅ ቍጣ ተነሣ፤ ክስ ተከተለ፤ ሽማግሌው በ2006 ዓ.ም. አገሩን ለቅቆ በ2011 ዓ.ም. በለንደን ሞተ። ስለ ሥዕሉ ደግነት መከራከር ይቻላል፤ የእስላም ልጅ መሆኑ ቍጣውን እንዳባባሰውም የታወቀ ነው። ነገር ግን የጥንት አባቶች ይህን አያውቁም ብለው የጮኹት ሰዎች፣ የጥንት አባቶች የጠረቧቸውን ሐውልቶች ሄደው ቢመለከቱ ኖሮ ከወገብ በላይ የሚሸፍናቸው ጌጥ ብቻ መሆኑን ባዩ ነበር።

አሁን ወደ በዓሏ እንለፍ። በሰሜንና በምሥራቅ ሕንድ የሚከበረው በማግ ወር በአምስተኛው የብርሃን ቀን፣ ይኸውም በእኛ በጥርና በየካቲት ሲሆን፣ የጸደይ መግቢያ ተብሎ ቢጫ ይለበሳል። በቤንጋል ሥርዐቱ ከሁሉ የደመቀ ነው። በካልካታ ኩማርቱሊ በሚባለው የሸክላ ሠሪዎች ሠፈር፣ ቀርከሃና ገለባ ታስሮ የወንዝ ጭቃ ተለስኖበት የሳራስዋቲ ምስል ይሠራል፤ ተማሪዎች መዋጮ ሰብስበው ገዝተው ወደ ትምህርት ቤታቸውና ወደ ሠፈራቸው ይወስዱታል። በፊቷ የሸምበቆ ብርዕና በወተት የተሞላ የቀለም ዕቃ ይቀርባል፤ መጻሕፍትና የዜማ መሣሪያዎች ይደረደራሉ። ልጆች ከዚያ ቀን በፊት የቍርቍራ ወገን የሆነውን «ኩል» የሚባለውን ፍሬ አይቀምሱም፤ የቀመሰ በፈተና ይወድቃል ይባላል። ትንንሾቹ ደግሞ በዚያው ቀን በመምህር ወይም በካህን ጕልበት ላይ ተቀምጠው፣ እጃቸው ተይዞ፣ በሰሌዳ ላይ በጠመኔ የመጀመሪያውን ፊደል ይጽፋሉ። በዓሉ ሲያልቅ ምስሉ ወደ ወንዝ ተወስዶ ይሰጥማል። ከወንዝ የወጣው ጭቃ ወደ ወንዝ ይመለሳል፤ ስለ ወንዝነቷ አንድም ቃል ያልሰማ ተማሪ በትከሻው ተሸክሞ ወደ ጥንተ ተፈጥሮዋ ያደርሳታል። የድምፅ ማጕያው ጩኸትና የመዋጮ ሰብሳቢው ግፊያ የዚህን ውበት ግማሹን እንደሚያጠፋው ራሳቸው የካልካታ ጸሐፊዎች ይናገራሉ።

በዚህ በዓል ከሁሉ የሚያከራክረው ነገር ግን በዚያ ቀን ማንበብና መጻፍ የተከለከለ መሆኑ ነው። የትምህርት አምላክ በምትከበርበት ቀን መጽሐፍ ይዘጋል! የአዲስ ሥልጣኔ ሰዎች ይህን እንደ ስንፍና ምልክት ይተቹታል። እኔ ግን ነገሩ በደቡብ ሕንድ እንዴት እንደሚፈጸም ሳነብ ትችቱ ችኵል ሆኖ አገኘሁት። በደቡብ በዓሉ የሚውለው በመስከረምና በጥቅምት፣ ናቫራትሪ በሚባለው የዘጠኝ ሌሊት በዓል መጨረሻ ነው። መጻሕፍት በአምላኳ ፊት ይቀመጣሉ፤ ማንም አይነካቸውም፤ በአሥረኛው ቀን ማለዳ ባለቤቶቹ መልሰው ወስደው ገልጠው ያነባሉ። መጽሐፉ የእነርሱ ንብረት መሆኑ ለአንድ ቀን ይቀራል፤ ሲመለስም እንደ ስጦታ ይመለሳል። በየዕለቱ ተከፍቶ ሳይነበብ ከሚውል መጽሐፍ፣ አንድ ቀን ተዘግቶ በማግስቱ የሚናፈቅ መጽሐፍ አይሻልምን?

በኬራላ ይህ አሥረኛ ቀን «ቪድያራምባም» ይባላል፤ የትምህርት መጀመሪያ ማለት ነው። ሕፃኑ በሣህን በተነጠፈ ሩዝ ላይ በጣቱ ይጽፋል፤ በወርቅ ቀለበት ጫፍም ፊደል በምላሱ ላይ ይጻፍለታል። የሚጽፈው የመጀመሪያ ቃል ለቪሽኑና ለጋኔሻ የሚቀርብ ምስጋና መሆኑ ያስገርማል፤ ባለ በዓሏ በራሷ ቀን ቦታዋን ለሌሎች ትለቃለች። በቲሩር፣ የማላያላም ቋንቋ አባት በሚባለው በ16ኛው መቶ ዓመት ባለቅኔ በኤዙታቻን ስፍራ፣ በሺህ የሚቈጠሩ ሕፃናት ይህን ሥርዐት ይፈጽማሉ፤ በዘመናችን አብያተ ክርስቲያናትና የጋዜጣ ማተሚያ ቤቶች ጭምር ያስፈጽማሉ። በ20ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ወደ አገራችን መጥተው በየጠቅላይ ግዛቱ ሒሳብና ሳይንስ ካስተማሩት የሕንድ መምህራን ውስጥ የኬራላ ተወላጆች ብዙዎች ነበሩና፣ ለእኛ ይህ በዓል ፈጽሞ የሩቅ ነገር አይደለም።

ከሕንድ ውጭም አምልኮቷ ተስፋፍቷል። በጃፓን ቤንዛይተን ተብላ በኩሬና በደሴት ላይ ትከበራለች፤ ባሕር ተሻግራም ውሃዋን አልተለየችም። በባሊ ደሴት በዓሏ በ210 ቀን አንድ ጊዜ ይውላል፤ በዘንባባ ቅጠል ላይ የተጻፉት መጻሕፍት ይባረካሉ፤ በዚያም ቀን አይነበቡም።

በዓሉ ወደ ትምህርት ቤት ሲገባ ግን ጥያቄው ይከብዳል። በ1928 ዓ.ም. በካልካታ ሲቲ ኮሌጅ የሂንዱ ተማሪዎች በማደሪያቸው ውስጥ የሳራስዋቲን በዓል ለማክበር ጠየቁ። ኮሌጁን የመሠረቱት የብራህሞ ሳማጅ ማኅበር ሰዎች ደግሞ ለምስል መስገድን የሚቃወሙ ነበሩና ከለከሉ። ወጣቱ ሱብሃስ ቻንድራ ቦስ ከተማሪዎቹ ጋር ቆመ፤ ባለቅኔው ራቢንድራናት ታጎር ከኮሌጁ ጋር ሆነ። ጠቡ ስለ በረታ ብዙ ተማሪዎች ኮሌጁን ለቀቁ፤ ገቢው ስለ ቀነሰም ከተሰናበቱት መምህራን መካከል በኋላ ታላቅ ባለቅኔ የሆነው ጂባናናንዳ ዳስ አንዱ ነበር። ስለ ትምህርት አምላክ በተነሣ ክርክር መምህር እንጀራውን አጣ። ከ70 ዓመት በኋላ፣ በ1998 ዓ.ም.፣ በኒው ዴልሂ በተደረገው የክፍላተ ሀገር የትምህርት ሚኒስትሮች ጉባኤ ለሳራስዋቲ የሚቀርበው መዝሙር እንዲዘመር በተደረገ ጊዜ፣ ብዙ ሚኒስትሮች ጉባኤውን ጥለው ወጡ። በእኔ አስተያየት ተማሪዎች በገዛ ፈቃዳቸው በሚያዋጡት ገንዘብ የሚያከብሩት በዓልና መንግሥት በጉባኤው ላይ የሚያዘምረው መዝሙር አንድ አይደሉም። የመጀመሪያውን የከለከሉት የኮሌጁ ሰዎች ጠንክረው ነበር፤ በሁለተኛው ጊዜ የወጡት ሚኒስትሮች ግን ምክንያት ነበራቸው፤ በዚያች አገር በአንድ ክፍል ውስጥ የሂንዱ፣ የእስላም፣ የሲክና የክርስቲያን ልጅ በአንድነት ይማራልና።

በመጨረሻ የሴትነቷ ነገር ይቀራል። የቃል አምላክ ሴት ናት፤ ከሪግ ቬዳ መዝሙሮችም አንዳንዶቹ በሴቶች እንደ ተደረሱ ይነገራል፤ ይሁን እንጂ በኋላ የተጻፉት የሕግ መጻሕፍት ሴቶችንና ሹድራ የሚባሉትን ዝቅተኛ ወገኖች ከቬዳ ትምህርት አገዱ። በ1848 ዓ.ም. ጆቲራው ፉሌና ባለቤቱ ሳቪትሪባይ በፑና ከተማ የሴት ልጆች ትምህርት ቤት በከፈቱ ጊዜ፣ ሳቪትሪባይ ወደ ማስተማሪያዋ ስትሄድ በመንገድ ላይ ጭቃና እበት ይወረወርባት እንደ ነበር ይተረካል። የሚወረውሩት ሰዎች በዓመቱ ለሳራስዋቲ አበባ ያቀርቡ እንደ ነበር አያጠራጥርም። ትናንሾቹ የትርጕም መጻሕፍት ስለ ነጩ ልብስ ሲጽፉ ስለዚህ ጭቃ የማይጽፉት ለምንድን ነው?

ከዚህ ሁሉ የሚያስደንቀው የፓንዲታ ራማባይ ታሪክ ነው። በ1858 ዓ.ም. የተወለደችው ይህች ሴት፣ አባቷ አናንት ሻስትሪ ዶንግሬ ሚስቱን ሳንስክሪት በማስተማሩ ከወገኖቹ ነቀፋ የደረሰበት ሊቅ ነበር። እርሷም ከእናቷ ተማረች። ወላጆቿ በረኃብ ከሞቱ በኋላ ከወንድሟ ጋር በእግሯ አገር ለአገር እየዞረች ጥንታዊ መጻሕፍትን በቃሏ ታሰማ ነበር። በ1878 ዓ.ም. ካልካታ በደረሰች ጊዜ ሊቃውንቱ መረመሯት፤ በዕውቀቷም ተደንቀው «ፓንዲታ» የሚለውን ማዕርግ፣ ቀጥሎም «ሳራስዋቲ» የሚለውን ስም ሰጧት። አምላኳ በሥጋ የተገለጠች መሰለቻቸው። እርሷ ግን ስሙን ተቀብላ ዝም አላለችም፤ ያወቀችውን ሳንስክሪት ይዛ የሕግ መጻሕፍቱ ስለ ሴት የሚሉትን አንብባ ተቃወመች፤ በ1883 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር የክርስትና ጥምቀት ተቀበለች፤ በ1887 ዓ.ም. ስለ ሂንዱ ሴቶች ኑሮ የጻፈችው መጽሐፍ በአሜሪካ ታተመ። ያከበሯት ሰዎች ብዙዎቹ ጠሏት። ሳራስዋቲ የተባለችው ሴት በእርግጥ ማንበብ ጀምራ ነበርና።

በ1889 ዓ.ም. ወደ ቦምቤ ተመልሳ፣ ባሎቻቸው ሞተውባቸው ራሳቸውን ተላጭተው በየጓዳው ለተጣሉት ወጣት ሴቶች ትምህርት ቤት ከፈተች። ስሙንም «ሻራዳ ሳዳን» አለችው፤ የሻራዳ ቤት ማለት ነው። ሻራዳ ደግሞ የሳራስዋቲ ሌላ ስም ነው።